አክስት ለመዋስ የተሰለፉ ሆስፒታሎች

ትናንት ከምሳ በኋላ ሲስተር እታፈራሁ ሕልም አየች። ያየችውም በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ፣ ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ስሟ የተጻፈበት ካርድ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ይባላል። ስብሰባ ላይ ግን የሚያስፈራው ሕልሙ ሳይሆን ማንኮራፋቱ ነው። ደግነቱ አላንኮራፋችም፤ አጠገቧ የተቀመጠው ፋርማሲስቱ አቶ ገድሉ ምስክር ነው።

ደግሞም አትፍረዱባት። ከከርከሮ ሜዳ ሆስፒታል ተነስታ አሥራ አንድ ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዛ ነው የመጣችው። የሆስፒታሉ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ኃላፊ እሷ ናት። ክፍሉ አራት አልጋ፣ ሦስት ሞኒተርና ሁለት የመተንፈሻ ማሽን አለው፤ ከሁለቱ ማሽኖች አንዱ የሚሠራው ደስ ሲለው ብቻ ነው። ማሽን በጠፋ ጊዜ በሽተኛው የሚተነፍሰው በሰው እጅ ነው። አምቡ የሚሉትን የጎማ ከረጢት አንድ ሰው አልጋው አጠገብ ቆሞ ይጨምቃል፣ ይለቃል፣ ይጨምቃል፣ ይለቃል። በፈረቃ ያለችው ነርስ አንዲት ስለሆነች የሚጨምቀው ዘመድ ነው። እታፈራሁ ይህን ነገር እንደ እድር አደራጅታዋለች። እጅ ታስታጥባለች፣ ታለማምዳለች፣ ተራ ታወጣለች፤ ተራው ደርሶ የቀረም ይቀጣል። ቅጣቱ የክፍሉን መጋረጃ ማጠብ ነው። አምና የአረም መድኃኒት የመረዘውን አቶ ይመርን አርባ አንድ ሰው እየተፈራረቀ አምስት ቀን ሙሉ አስተነፈሰው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ይመር አሁን ቤቱ ነው፤ በቆሎውን ይኮተኩታል።

ስብሰባው የተጠራው የጽኑ ሕሙማን ሕክምና በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ወዴት እንደሚሄድ ለማቀድ ነበር። ሀብታሙም ድሃውም አገር ልምድ የሚያካፍል ባለሙያ ልኳል። መልካም ሐሳብ ነው፤ ማንም አይጠላውም። እታፈራሁን እንቅልፍ የነሳት የረቂቁ አንቀጽ አራት ነው። «ዘመድ የሚገባበት ክፍል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ተብሎ አይቆጠርም» ይላል። ይህ ከጸደቀ የከርከሮ ሜዳው ክፍል ይዘጋል። በሽተኛው ሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ተጭኖ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይላካል፤ አብዛኛውም መንገድ ላይ ይቀራል። እታፈራሁ የመጣችው ይህን አንቀጽ ለማስጣል ነው። ሦስት ደቂቃ ተሰጥቷታል፤ ከምሳ በኋላ፣ ከውጭ ከመጡት ፕሮፌሰር ቀጥሎ። የምትናገረውን በትንሽ ወረቀት ጽፋ አውቶቡስ ውስጥ ስትሸመድደው ነበር። ምሳው ግን ጥብስ ነበር፤ አዳራሹም ይሞቃል። ፕሮፌሰሩ የመጀመሪያውን ስላይድ ሲያሳዩ ዓይኗን ለአፍታ ጨፈን አደረገች።

ስትገልጠው የከርከሮ ሜዳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር።

የጥበቃው አቶ አሊ በሩ ላይ ሐኪም ይመልሳል። ሐኪሞቹ ነጭ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ፌስታልና የምሳ ዕቃ አንጠልጥለው ይለማመጡታል።

«ሐኪም የሚገባው ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ብቻ ነው» አላቸው።

«ጋሼ፣ የልብ ስፔሻሊስት ነኝ። አንዴ ብቻ አይቼው ልውጣ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። አንድ ሐኪም ለአንድ በሽተኛ! ሌላው እዛ ዛፍ ሥር ይቀመጥ።»

ዛፉ ሥር ሃያ የሚሆኑ ስፔሻሊስቶች ሰሌን አንጥፈው ተኮልኩለዋል። አንዱ ከፔርሙዝ ሾርባ ይቀዳል፤ ሌላው ጫማውን ተንተርሶ ተጋድሟል። አንዲት የማደንዘዣ ሐኪም ከክፍሉ ሰው በወጣ ቁጥር ብድግ እያለች «እንዴት ነው? ነቃ?» ትላለች። የሚወጣው ሁሉ ቸኩሏል፤ መልስ የሚሰጣት የለም። እታፈራሁን አሳዘኗት። ትንሽም ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል።

እሷን አሊ አልከለከላትም። «አንቺማ ቤተሰብ ነሽ» ብሎ አሳለፋት።

ውስጥ ስትገባ አልጋዎቹ ላይ የተኙት ማሽኖቹ ናቸው። ጋቢ ደርበው ያስላሉ። ያ ደስ ሲለው ብቻ የሚሠራው ማሽን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጥግ ላይ ተኝቷል። ይመር በርጩማ ስቦ አጠገቡ ተቀምጦ አምቡውን ይጨምቅለታል።

«ምን ሆኖ ነው?» አለችው።

«ሆድ ብሶት ነው፣ ሲስተር። ከመጣሁ ጀምሮ በስም የጠራኝ የለም አለ። የንብረት ቁጥር ብቻ ነው ያለኝ አለ።»

«ታዲያ ምን ብለን እንጥራው?»

«እኛማ አንዳርጌ አልነው። ካልነው ወዲህ ትንሽ ተሻለው።»

«አንዳርጌ» አለች እታፈራሁ ጠጋ ብላ።

ማሽኑ «አቤት» አለ። ከዚያ እንደ ጤነኛ ማሽን መተንፈስ ጀመረ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስትደበድበው ኖራለች፤ ስም ብቻ እንደጎደለው ያሰበ የለም።

በዚህ መሃል ዋናዋ ሐኪም ለጉብኝት ገቡ። ዋናዋ ሐኪም የይመር አክስት እማማ ሉባባ ነበሩ። ማዳመጫውን ከሻሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፤ ሦስት ፕሮፌሰሮች የእሳቸውን መቁጠሪያ፣ ምርኩዝና ነጠላ ጫማ ይዘው ከኋላ ይከተላሉ። እማማ ሉባባ በየአልጋው ቆመው ትዕዛዝ ሰጡ።

«ለዚህኛው ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ጎረቤት። ለዚያኛው ቁጣ፣ ግማሽ፣ ከምግብ በኋላ። ለዚህች ደግሞ ዝምታ ስጧት፤ እንዳይነቀነቅ።»

አንዱ ፕሮፌሰር እየጻፈ «እማማ፣ ዝምታው በአፍ ነው በደም ሥር?» አላቸው።

«በጆሮ ነዋ! ምን አስተማሩህ?»

ከዚያ ያንኑ ፕሮፌሰር አገላብጠው አዩት። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፤ ቆሞ ያንቀላፋል። አንድ ወረቀት ስበው ጻፉ፣ አጣጥፈውም ኪሱ ከተቱለት። «እኛ ጋ የሚሆን አይደለም፤ ከአቅማችን በላይ ነው» አሉት። አውጥቶ ሲገልጠው እታፈራሁ በትከሻው በኩል አነበበችው። «ወደ እናቱ ቤት ተልኳል። ሦስት ቀን ይተኛ» ይላል።

«እማማ ሉባባ፣ እርስዎ ሐኪም ሆኑ እንዴ?» አለቻቸው።

«ሌላ ማን ነበረና ልጄ?» አሉና ወደ በሩ አመለከቱ። «ይልቅ ነይ፣ ሰው ሞልቷል ውጪ።»

ውጪ ሰልፉ ከበሩ ተነስቶ የበቆሎ ማሳውን ዞሮ ኮረብታው ላይ ጠፍቷል። ሦስት አህዮች እየተመላለሱ የተሰለፈውን ያሸትታሉ፤ ለብርቱው በሽተኛ ቀይ፣ ለመካከለኛው ቢጫ፣ ለቀላሉ አረንጓዴ ጨርቅ አንገቱ ላይ ያስራሉ።

«እነማን ናቸው?» አለች።

«የየአገሩ ሆስፒታሎች ናቸው» አላት አሊ። «አክስት ለመዋስ ነው የመጡት።»

ከፊት የቆመው ረጅም ሰውዬ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ አሥራ ሁለት ፎቅ ሆስፒታል በገመድ የሚጎትት ነበር። ሆስፒታሉ የመንገዱን ዳር ሣር እየነጨ ይከተለዋል። አንገቱ ላይ ቀይ ታስሮለታል።

«ስድስት መቶ አልጋ አለን» አለ ሰውዬው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ለአንድ በሽተኛ ስምንት ማሽን አለን። ማሽኖቹ እርስ በርሳቸው ያወራሉ፤ በሽተኛውን ግን የሚያናግረው የለም። አብሽር የሚል ሰው ከአገራችን ጠፋ።»

«ስንት ፈለጋችሁ?» አሉ እማማ ሉባባ።

«አክስት ሃያ። ጎረቤት ደግሞ ከተገኘ ግማሽ ኩንታል።»

«ሰው እንደ ስንዴ አይሰፈርም። ሁለት አክስት ውሰድ። አንዷ ቁጡ ናት፤ እሷን መድኃኒት አልውጥም ላለው ስጡት።»

ቀጥሎ የመጡት ከአንድ ደሴት ነበሩ። አገራቸው በሽተኛ የሚያመላልስ አንድ ሄሊኮፕተር ብቻ ስላለው እሱው ታሞባቸው በቃሬዛ ተሸክመው አምጥተውታል። ሄሊኮፕተሩ ብርድ ልብስ ተከናንቦ «ከፍታ ያዞረኛል» እያለ ያቃስታል። አንዱ አህያ አሸተተው፤ አረንጓዴ አሰረለት። «ፍርሃት ነው» አለ አህያው። «አጎት ይሰጠው።»

ከነሱ ኋላ አንዲት ወይዘሮ ሦስት መቶ አክስቶች አስከትላ ቆማለች። አክስቶቹ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራሉ።

«እኛ አክስት ሞልቶናል» አለች ሴትዮዋ። «እኛን የገደለን የኦክስጅን እጦት ነው።»

ረጅሙ ሰውዬ ይህን ሲሰማ ዞረ። «ኦክስጅን? እኛ ጋ እኮ ከግድግዳ ይፈሳል! የት እንደምንደፋው ጨንቆናል።»

ሁለቱ ተያዩ። እማማ ሉባባ ምርኩዛቸውን ተቀብለው መሬቱን መቱበት።

«ታዲያ እርስ በርሳችሁ አትለዋወጡም? ለዚች ነው ሰውን ፀሐይ ላይ ያቆማችሁት?»

ሴትዮዋ መቶ ሃምሳ አክስት ቆጥራ አስረከበች፤ ሰውዬው ቧንቧውን በኮረብታው ላይ ዘረጋ። ኦክስጅኑ እየተንፎለፎለ ሲያልፍ የበቆሎ ቅጠሉ ሁሉ ቀና ቀና አለ። አሥር ዓመት ይፈጃል የተባለው ዕቅድ ከሰልፉ ሳይወጡ አለቀ። እታፈራሁ «ይህን ያህል ቀላል ነበር እንዴ?» ብላ ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው፤ እንዲህ ከሳቀች ቆይቷል።

ሳቋን ሳትጨርስ አንዱ አህያ ክንዷን በጥርሱ ያዝ አደረጋት። «የዕቅድ ኮሚሽኑ ይፈልግሻል» አላት።

የኮሚሽኑ ቢሮ የስብሰባው አዳራሽ ነበር፤ ወንበሮቹ ግን ጣሪያው ላይ ተሰክተዋል። ከጠረጴዛው ኋላ አንዲት አሮጊት አህያ መነጽር አድርጋ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ወፍራም መዝገብና ማኅተም አለ። እታፈራሁ የኮሚሽን ነገር እምነት ኖሯት ስለማያውቅ፣ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብላ ለራሷ አጉረመረመች።

«ሰማሁሽ» አለች አህያይቱ። «ባሌን ተዪው፤ ጡረታ ወጥቷል። ጅቡም አሁን የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ነው፤ ጨዋ ሰው ነው። ቁጭ በይ።»

ወንበር ስላልነበረ እታፈራሁ ቆመች።

«የወደፊቱ ተሠርቶ አልቋል» አለች አህያይቱ። «እኛ የምናቅደው ያለፈውን ነው። ካለፉት አሥር ዓመታት ውስጥ ምን እንዲስተካከል ትፈልጊያለሽ?»

እታፈራሁ ማሰብ አላስፈለጋትም። ያ ነገር ሁልጊዜ አፏ ላይ ነው፤ የሚጠይቃት አጥታ እንጂ።

«የዛሬ ሰባት ዓመት ግንቦት ውስጥ አንድ ማክሰኞ አለ» አለች።

ማክሰኞውን ነገረቻት። ዘሐራ የምትባል፣ ግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ ያላት የስምንት ዓመት ልጅ የሳንባ ምች ይዟት መጣች። ያኔ ከርከሮ ሜዳ የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልነበረውም፤ በአምቡላንስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተላከች። አጅባት የሄደችው እታፈራሁ ነበረች። ጨለቆ ድልድይ ጋ ሲደርሱ ኦክስጅኑ አለቀ። እታፈራሁ አምቡውን ጨመቀች፣ ጨመቀች፤ ከተማው ሲታይ ልጅቷ የለችም። የከርከሮ ሜዳው ክፍል የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው፤ እታፈራሁ ኃላፊዎቹን ቢሮ ለቢሮ ስትከተል ዓመት ፈጅታ ነው ያስከፈተችው።

አህያይቱ መዝገቡን ገልጣ ማክሰኞውን አገኘችው። «ምን ይግባበት?»

«አንድ ሲሊንደር ኦክስጅን። ሙሉ።»

«አንድ ብቻ? ሰው ሁሉ ሕንፃና አስፋልት ነው የሚለምነኝ።»

«አንድ ይበቃል። ድልድዩን እስክታልፍ ነው።»

አህያይቱ መነጽሯን አወለቀች፤ ዓይኗን በጆሮዋ ጠረገች። ከዚያ ማኅተሙን በምላሷ ላሰችና መዝገቡ ላይ በኮቴዋ ረገጠችው።

«ጸድቋል» አለች።

በሩ ተከፈተ። አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ኮረዳ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሳ፣ ጥንቅሽ እየጋጠች ገባች። የግራ ቅንድቧ ላይ ያው ትንሽ ጠባሳ አለ። እታፈራሁ ተንደርድራ ልጅቷን አቀፈቻት፤ ጀርባዋ ላይ እጇን አድርጋ ስትተነፍስ ዳሰሰቻት። ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጪ። ማንም አይጨምቅላትም፤ ራሷ ነው የምትተነፍሰው። እታፈራሁ በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

«ሲስተር፣ ምን ያስለቅስሻል?» አለች ዘሐራ። «አርፍጃለሁ እንዴ?»

«ኧረ አላረፈድሽም። ቁመትሽ ነው የገረመኝ።»

«ጥንቅሽ ትፈልጊያለሽ?»

«አምጪ» አለች።

ግማሹን ሰጠቻት። ቆመው ጋጡ። ጣፋጭ ነበር። ከዚያ አህያይቱ ማጨብጨብ ጀመረች፤ እማማ ሉባባም፣ ይመርም፣ አሥራ ሁለት ፎቁ ሆስፒታልም በመስኮቶቹ አጨበጨቡ። ጭብጨባው ጨመረ፣ ጨመረ፣ ጆሮ የሚያደነቁር ሆነ።

አቶ ገድሉ በክርኑ ጎሸማት።

«ሲስተር! ኧረ ንቂ! አንቀጽ አራት ወደቀ እኮ!»

የሚያጨበጭበው አዳራሹ ነበር። እታፈራሁ አፏን ጠረገች። እጇ ባዶ ነው። ለአንድ አፍታ ዘሐራን ፍለጋ ወደ በሩ አየች፤ በሩ ላይ የሻይ ዕረፍቱን ኩባያ የሚደረድር አስተናጋጅ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ አቶ ገድሉ ያላት ነገር ገባት።

መድረኩ ላይ ፕሮፌሰሩ የመጨረሻውን ስላይድ እያሳዩ ነው። ስላይዱ ላይ አንዲት ነጭ ጸጉር ያላት ሴትዮ የታመመ ባሏን እጅ ይዛ ተቀምጣለች። ሰብሳቢው ዶክተር መርዕድ ማይክራፎኑን ወሰዱ።

«የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ እንግዳችን እንዳስረዱን በሠለጠነው ዓለም የጽኑ ሕሙማን ሕክምና የደረሰበት አዲሱ ግኝት ዘመድን ወደ ክፍሉ ማስገባት ነው። በሽተኛው ቶሎ ይድናል፣ አይቃዥም። ስለዚህ አንቀጽ አራት በሙሉ ድምፅ ተሰርዟል።»

እታፈራሁ ጭኗን ቆነጠጠች። አመማት፤ ሕልም አይደለም። ሦስት ደቂቃዋን ሳትነካት የመጣችበት ጉዳይ ተፈጸመ። ብድግ አለች።

«ዶክተር፣ የከርከሮ ሜዳው ክፍል አይዘጋም ማለት ነው?»

«እንዴት ተደርጎ ሲስተር! እንዲያውም በዕቅዱ ውስጥ ትልቅ ቦታ ነው የተሰጣችሁ።»

እታፈራሁ ደስታው አላስቀምጥ አላት። ዶክተር መርዕድ ቀጠሉ። ሙከራው በሦስት ትልልቅ ሆስፒታሎች ይጀመራል፤ እስከ ዛሬ ዘመድ ገብቶባቸው በማያውቁ። አዲስ ማሽን ይገባላቸዋል፤ ነርስ ይጨመርላቸዋል፤ ዘመዶቻቸውም እጅ እንዴት እንደሚታጠብ የዓመት ተኩል ሥልጠና ይወስዳሉ።

«እኛስ?» አለች እታፈራሁ።

«እናንተማ ቀድማችሁ ስለጀመራችሁት ለሙከራ አትሆኑም። እናንተ ማነጻጸሪያ ናችሁ። ሌሎቹ ምን ያህል እንደተሻሻሉ የሚለካው በእናንተ ነው።»

ተርጓሚው ይህን ለፕሮፌሰሩ አሰማቸው። ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለእታፈራሁ በአክብሮት ጎንበስ አሉላት።

«ማነጻጸሪያ የሆነ ክፍል ምንድን ነው የሚጠበቅበት?»

«ምንም! እሱ ነው ደግሞ ውበቱ» አሉ ዶክተር መርዕድ፣ ፊታቸው በፈገግታ በርቶ። «አሥር ዓመት እንዳላችሁ መቆየት ብቻ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ነርስ እንኳ ከተጨመረላችሁ ጥናቱ ይበላሻል።»

አዳራሹ እንደገና አጨበጨበ። ሰብሳቢው ከመድረኩ ወርደው መጡና እጇን በሁለት እጃቸው ጨበጧት።

«አደራ፣ ሲስተር» አሏት። «እንዳትሻሻሉ።»